አስፈሪ ፊልም ለማያስፈራቸው ደንበኞቼ ምን ልጫንላቸው?

የቦርከናው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም የምጭንበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። አክሽንና የህንድ ፊልም ለመሸጥ አፍ አያስፈልግም። ያስቸገሩኝ ሆረር የሚወዱት ናቸው። ዛሬ አስጭነው ይሄዱና በማግስቱ «ደሙ እንጂ ፍርሃቱ የታለ?» እያሉ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ይወረውሩታል። አንዷማ እራቴን እየበላሁ ጨረስኩት አለችኝ! እውነት አላቸው። ጭራቁ ገና ከመጀመሪያው ጥርሱን አግጥጦ ይመጣል፣ እስከ መጨረሻውም ከዓይናችን አይጠፋም። እናንተን የምር ያስፈራችሁ የቱ ነው? ምኑስ? ካባ ለብሰው የሚበሩትን ግን አትንገሩኝ፣ እሱ ሞልቶኛል።

ከጦሳ ስር፦
ወንድምዓለም፣ ነገሩን ራስህ ደርሰህበታል እኮ። ጭራቁን ቶሎ ያሳያሉ። እኔ ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን «ኤሊየን» ያየሁት እዚያ ነው፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ መብራት እየሄደ እየመጣ። ፊልሙ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል፤ ፍጡሩ የሚታየው ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። አንዴ ጅራቱ፣ አንዴ ለሃጩ። የቀረውን ጭንቅላትህ ይጨርሰዋል። ውስጡ ገብቶ የተወነው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ወጣት ነበር። ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ፣ እጅና እግሩ ቀጫጭን። ሰው ልብስ ለብሶ ነው እንዳይባል እንዲህ ያለ ሰው ፈልገው ነው ያገኙት።

እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራው «ጆውስ»ም ያው ነው። ስለ ሰው በላ ሻርክ ነው፤ በማሽን የሠሩትን ሻርክ የባሕሩ ጨዋማ ውሃ እያበላሸው አልሠራ አለ። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ምን ያድርግ? በሙዚቃና ውሃ ላይ በሚንሳፈፉ ቢጫ በርሜሎች ተካው። ሻርኩን በደንብ የምታየው ከ1 ሰዓት በላይ ቆይተህ ነው። ያውም ወደው አይደለም፣ ቸግሯቸው ነው! ዛሬ ኮምፒውተር አለ፣ የሚቸገር የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ያገጣል።

ፈረቃ፦
እኔ ፋብሪካ የምሠራ ሴት ነኝ። ሌሊት ስወጣ የሚያስፈራኝ ጅብ ነው፣ ጭራቅ አይደለም። ያስፈራኝ ፊልም ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ኤ ኳየት ፕሌስ»። አውሬዎቹ ዓይን የላቸውም፣ ድምፅ ሰምተው ነው የሚመጡት። ሙሉ ፈረቃ በማሽን ጩኸት ጆሮዬ ደንቁሮ ገብቼ ከፈትኩት። ያ ዝምታ! ሻዬን እንኳ ፉት ለማለት ፈራሁ። ሴትየዋ ምጥ ይዟት ትንፍሽ ማለት የማትችልበት ቦታ ላይ አጠፋሁት። የወለደች ሴት ታውቀዋለች። የቀረውን በማግስቱ በቀን ጨረስኩት።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ካባ ለባሾቹን ግን ባትንቁብን። «ብላክ ፓንተር»ን ልብ ብላችሁ እዩት። አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ፣ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገ ሽማግሌ አለ። እኛ ጋ ሙርሲና ሱሪ ዘንድ ገል የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፣ እነሱ ለወንድ ሰጡት። በጣም ነው ያሳቀኝ። ግን ሩት ካርተር በልብሱ ኦስካር ወስዳበታለች፣ ይገባታልም። የሌሶቶን ብርድ ልብስ እንደ ጋሻ ሲይዙት ያየ ሰው፣ ኮሚክ ፊልም የልጆች ነው አይልም።

የቦርከናው ልጅ፦
ሐረጎ፣ እሺ፣ እሱን አንዱን ተቀብያለሁ። ሌሎቹ ግን ሲጀምሩም ሲጨርሱም ከተማ እያፈረሱ ነው፣ የቱን እንዳየሁ ራሱ ይጠፋብኛል። ፈረቃ፣ እህትዓለም፣ ያንቺን ዛሬውኑ አወርዳለሁ። እራት በላተኛዋን «ኤሊየን» ልጫንልሽ ብላት «የ1979? እናቴ እንኳ አልተወለደችም!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ከጦሳ ስር፦
ዓመቱን ማን ንገራት አለህ?