ለማድ ቤት ግድግዳ ኖራ ወይስ ፕላስቲክ ቀለም? (የፈረንሳይ ገጠር ቤት መልክ)

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። 3 በ4 ሜትር የሆነውን ማድ ቤቴን እንደ ፈረንሳይ ገጠር ቤቶች ደብዘዝ ያለ፣ ደመና ደመና የሚል ቢጫ ላደርገው ፈልጌ ነበር። ብሎኬት ነው፣ በሲሚንቶ ተለስኗል። አንዱ ወገን አሮጌ ፕላስቲክ ቀለም አለው፤ በምድጃው በኩል ደግሞ ጥቀርሻ ይዟል። ቀለም በስፖንጅ ብጠበጥብ ይበቃል?

ለሳኝ
ኖራ ይሻላል እህቴ። ፕላስቲክ ቀለም ከሩቅ ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉት ግን ያብለጨልጫል። በፕሮቫንስ (ደቡብ ፈረንሳይ) ያ ቢጫና ቀይ የሚመጣው ኦከር የሚባለው የአካባቢው ባለቀለም አፈር ከኖራ ጋር ተዋህዶ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ውሃ ርጪ። ጠጥቶ ከጠቆረ ኖራ ይይዛል፤ ተንከባሎ ከወረደ አይይዝም። ኖራ የሚጠነክረው ልስኑ ውስጥ ገብቶ፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ሲሆን ነው። ፕላስቲክ ላይ ግን እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ቁመቱ 2.8 ሜትር ከሆነ በርና መስኮቱ ተቀንሶ 35 ካሬ ገደማ ነው፤ ለሦስት ዙር 18 ሊትር ያህል ብጥብጥ ይበቃል። 1 እጅ የበሰለ (በእሳት ሳይሆን ውሃ ውስጥ ገብቶ የፈላ) የኖራ ሊጥ ለ3 እጅ ውሃ፣ ስስ ወተት እስኪመስል። የቀለሙን ዱቄት ለብቻው በጥብጠሽ በነጠላ አጥልይው፤ ከሊጡ ክብደት 5 በመቶ ካለፈ እጅ ላይ ይነሳል። ሲደርቅ በጣም ስለሚነጣ መጀመሪያ ቁራጭ ልስን ላይ ሞክሪ።

ግድግዳውን አርጥበሽ በሰፊ ብሩሽ መስቀለኛ እያደረግሽ ቀቢ፤ ደመናው የሚወጣው ከዚያ ነው። በዙሮቹ መሃል 24 ሰዓት ይቆይ። የመጀመሪያው ዙር ምንም ያልተቀባ ይመስላል፤ ሳሳ ብለሽ አታወፍሪው፣ ይሰነጠቃል።

ቀቢ ከሸዋ ሮቢት
እኛ ቆላ ላይ የሚያስቸግረን ቶሎ መድረቁ ነው፤ እናንተ ጋ ግን ውርጩን ፍሩ። ከ5 ዲግሪ በታች ኖራ አይቀባም። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ሥሪ፣ ሌሊት ከበረደ ይፈረከሳል።

ጥቀርሻውን ኖራ አይሸፍነውም፤ ቡኒ ሆኖ ያዣል። በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በሳሙና ውሃ እጠቢ። ካልለቀቀ ያንን ልስን ቆርጦ በአሸዋና ኖራ እንደገና መለሰን ነው። ከምድጃው ጀርባ 60 ሳንቲም ያህል ሴራሚክ ይሁን፤ የቁሌት ቅባት ኖራ ላይ ከገባ አይወጣም።

ለመያዣ ቅባቱ የወጣ ወተት 1 እጅ ለ10 እጅ ብጥብጥ ጨምሪ (ግድግዳ ጾም የለበትም)። አሬራ አይሆንም፣ ኮምጣጣው ኖራውን ያጠፋዋል። ወተቱ ከበዛም ይሻግታል።

ጠያቂዋ
ቀለም ባለበት ወገን ውሃው ተንከባለለ። በብርጭቆ ወረቀት ባሻክረውስ?

ለሳኝ
አይበቃም፣ ፕላስቲኩ እዚያው ነው። በስፓቱላ እስከ ልስኑ ፋቂው፣ ከዚያ ውሃውን ድገሚው። ኖራው ያልበሰለ ከሆነ ደግሞ በብረት በርሜል አብስይው፤ ፕላስቲክ ባልዲ ይቀልጣል። ኖራውን ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አይደለም፣ ይፈናጠራል። መነጽርና ጓንት አድርጊ።