ከቦንጋ ገበያ የገዛሁት ጥቁር «በርበሬ» ምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ለሥራ ከጅማ ወደ ቦንጋ ወርጄ ነበር። አዲስ አገር ስገባ መጀመሪያ የማየው ቅመም ተራውን ነው፤ እናቴ በርበሬ ስትቀነጥስ ከሥሯ ተቀምጬ ያደግሁ ነኝ። ዛላውንም ሚጥሚጣውንም አወቅሁ። አንዲት እናት ጆንያ ላይ ዘርግተው የሚሸጡት ግን ግራ አጋባኝ። ከትንሽ ጣት ያጠረ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ላዩ ጥቃቅን ፍሬ የተሰገሰገበት፤ ሲያሸቱት ጭስ ጭስ ይላል። «እማማ፣ በርበሬ ነው?» ስላቸው «እሱም ያቃጥላል» አሉኝ። ቆረስ አድርጌ ቀመስኩት። መጀመሪያ እንጨት እንጨት አለኝ፤ ቆይቶ አፍንጫዬ ድረስ ወጣ። አንድ ጣሳ ገዝቻለሁ። ምን ላድርገው?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ጥምዝ ነው! እኔ ያለ እሱ መከለሻ አላዘጋጅም። ምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት አመስ አድርገው፤ ከኮረሪማና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ወቅጠህ ወጡ ሊወጣ ሲል ነስነስ አድርግበት። አደራ፣ አታብዛው፤ የዶሮውን ጣዕም ይውጠዋል። የጭሱ ሽታ ብዙ ጊዜ ከምድጃ በላይ ሰቅለው ስለሚያደርቁት ነው።

መልስ 2፦
ትክክል ናት። ሲያጠራጥርህ ስበረው። የበርበሬ ዛላ ልጣጭ ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ ጠፍጣፋ ፍሬና ነጭ ጅማት ታገኛለህ (ዋናው ማቃጠያ ያለው ጅማቱ ላይ ነው፣ ፍሬው ላይ አይደለም)። ጥምዝ ግን ድፍን ነው። ዘመዱ ቁንዶ በርበሬ እንጂ ቃሪያና ሚጥሚጣ አይደሉም። ቀዩ በርበሬ ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ከመሻገሩ በፊት እዚህ አልነበረም። ጥምዝ የራሳችን የጫካ ተክል ነው። በዚህ እኮራለሁ።

መልስ 3፦
እኔ የምለምንህ አንድ ነገር፦ የማታውቀውን አትቅመስ። ስሙም ከገበያ ገበያ ይለያያል። «ለምን ታደርጉታላችሁ?» ብለህ ጠይቅ፤ እናቶች አዘገጃጀቱን ጭምር ይነግሩሃል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ሰበርኩት፣ ድፍን ነው። እናቴ ዘንድ ደውዬ «ጥምዝ» ስላት «እንዴ፣ በርበሬዬ ውስጥ ሁልጊዜ ይገባ የለ!» አለችኝ። እኔ የማውቀው ተፈጭቶ ብቻ ነበር። ግማሹን ለእሷ እልካለሁ።