ኪሎዬ አልወርድ ካለ የእግር ጉዞው ለደም ግፊት ይጠቅማል ወይስ ልፋት ነው?

ሰላም የሀዋሳ ልጆች። 44 ዓመቴ ነው ኪሎዬ 87፣ የዛሬ ሦስት ወር ግፊትሽ 152/96 ነው ተብዬ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን ጀመርኩ፣ ከዛ ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር 40 ደቂቃ እራመዳለሁ፣ ሚዛን ላይ ስወጣ ግን 86! አንዲት ኪሎ። ትናንት ሰፈር ክሊኒክ ስለካ 144/90። ጎረቤቴ ኪሎሽ ካልወረደ እግርሽን ነው የምታደክሚው ትላለች፣ ሌላዋ ደሞ ስፖርት ከጀመርሽ ኪኒኑን ተይው። ልተወው እንዴ?

ሲስተር ነኝ፦
ኧረ በራስሽ እንዳትተዪው! እርምጃው ኪሎ ባይቀንስም ለብቻው ይሠራል፣ ደም ሥሩን ያላላል፣ ግፊት ያለበት ሰው የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ሊወርድለት ይችላል። ኪሎም የራሱ ድርሻ አለው፣ በግምት አንድ ኪሎ ሲቀንስ ግፊቱ አንድ ነጥብ ይወርዳል። ወፈር ያለች ሴት ስለተራመደች ብቻ የልብ ሕመም አደጋው አይጠፋላትም ግን ቁጭ ካለችው በብዙ ትሻላለች። እርግዝና ላይ ግፊት ነበረብሽ? ለሐኪምሽ ንገሪው። ደሞ ክንድሽ ወፍራም ከሆነ በየትኛው ጨርቅ ነው የለኩሽ? ጠባቡ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ከእውነተኛው በላይ ነው የሚያሳየው።

የታቦሯ፦
እኔ ታቦር ተራራን ወጥቼ ስወርድ ቀጥታ ጨጨብሳ በቅቤ ነበር ሃሃ ኪሎው የት ይሄዳል ታዲያ። ጨውን ደሞ እዪው፣ በቀን ከ5 ግራም አይለፍ ነው የሚባለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ እኛ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል ከዛ ወጡ ላይ ደግመን እንጨምራለን። እኔ አሁን ያለ ጨው ነው የማስፈጨው፣ ባሌ ሁለት ሳምንት "ይሄ ወጥ ምን ሆኗል" እያለ አጉረመረመ ከዛ ለመደው።

አንድ ሰው፦
ፌጦ በሎሚ ጠጪ በሳምንት ድራሹ ይጠፋል

ሲስተር ነኝ፦
ወንድሜ ፌጦ ኪኒን አይተካም፣ ሰው እንዳታሳስት።

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ሰፊው ጨርቅ የለም ወይ ስላቸው ልጅቷ ከመሳቢያ ፈልጋ አመጣችው፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ አስብላ ስትለካኝ 138/86! ኪኒኑ ይቀጥላል እሺ። ግን ከነጨው ያስፈጨሁት ሦስት ኪሎ በርበሬ ቤት ተቀምጧል፣ እሱን ምን ላድርገው?

የታቦሯ፦
በሱ ስትሠሪ ወጡ ላይ ጨው አትጨምሪ በቃ።