«ዩ»፦ ድራማው ላይ ያሳዘነኝ ጆ መጽሐፉ ላይ ለምን አስፈራኝ?

ጥያቄ

መጨረሻውን እናገራለሁ። ያላያችሁ እዚህ ጋ አቁሙ።

«ዩ»ን (በእንግሊዝኛ You፣ «አንተ»ም «አንቺ»ም «እናንተ»ም ማለት ነው) መጀመሪያ ያየሁት ኔትፍሊክስ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን አስር ክፍል በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ድራማው የተሠራበትን፣ ካሮላይን ኬፕነስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችውን ልቦለድ ግን ያነበብኩት ገና ባለፈው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እረፍት ነስቶኛል።

ድራማው ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጆ አሳዝኖኛል። እውነቱን ልናገር። ኒው ዮርክ ውስጥ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ዝምተኛ ነው፣ ወሬው ይጥማል። በድብቅ የሚከታተላት ልጅ ቤክ ባቡር ሐዲድ ላይ ስትወድቅ ጎትቶ የሚያወጣት እሱ ነው። ስልኳ ግን በዚያው እሱ ዘንድ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ለጓደኞቿ የምትጽፈውን ሁሉ ያነባል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ «እንዳይያዝ» ብዬ የተጨነቅኩባቸው ቦታዎች አሉ። ቤቷ ገብቶ እያለ እሷ ድንገት ስትመጣ፣ መታጠቢያ ቤት ሲደበቅ፣ ትንፋሼን ውጬ ነበር። ለእሱ ብዬ። ለእሷ አይደለም።

መጽሐፉን ግን ሃምሳ ገጽ ሳልሄድ ዘግቼው ተነሳሁ። ሰውየው ያው ነው፣ ታሪኩም ያው ነው። ሆዴ ግን ተረበሸ።

ዝም ብዬ አይደለም የምጠይቀው። አንድ ጊዜ አብሬው የነበርኩ ሰው ስልኬን እየከፈተ ያነብ ነበር። ለእህቴ የጻፍኩላትን ነገር አንድ ቀን ራት ላይ ቃል በቃል ደገመልኝ። በምን አወቅክ ስለው «ስለማስብልሽ ነው» አለኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ለብዙ ጊዜ አመንኩት። እንግዲህ ይህን ያየሁ ሰው ለጆ መጨነቄ ነው ያስደነገጠኝ።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የተዋናዩ መልክ ነው? አጻጻፉ ነው? ሁለቱንም የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ

እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት ድራማው ከመውጣቱ በፊት ነው። ለእኔ ነገሩ ፓኮ ነው። ያ የጎረቤት ልጅ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ድራማው ነው የፈጠረው። ጆ መጽሐፍ ያውሰዋል፣ ያበላዋል፣ እናቱን ከሚደበድበው ሰውዬ ያስጥለዋል። ለሕፃን የሚራራን ሰው መጥላት ይከብዳል። የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀው ያስገቡት ይመስለኛል።

ግን ያ ልጅ መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረገ አስታውሺ። ቤክ ምድር ቤት ተዘግቶባት፣ በሩን እየደበደበች ስትለምነው ሰምቶ ጥሏት ሮጠ። ጆ ውለታ ውሎለታላ! ያን ትዕይንት ሳይ ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔም ክፍሎቹን በሙሉ እንደ ልጁ ሆኜ ነበር ያየሁት።

ካንደስም አለች። መጽሐፉ ላይ የቀድሞ ፍቅረኛው ታሪኩ ሲጀመር ሞታለች፣ የገደላትም እሱ ነው። ድራማው ላይ በሕይወት ትመጣለች። ይህም ሸክሙን ያቀልለታል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጆ ደግሞ ንቀታም ነው። ደንበኛ በሚገዛው መጽሐፍ ሳይቀር ይፈርዳል። ያን ንቀት ጆን ሆኖ የሚሠራው ፔን ባጅሊ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ሲያወራው ቀልድ ይመስላል። ተዋናዩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ትዊተር ላይ ጆን ወደድነው ለሚሉ ተመልካቾች ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ሲያስታውሳቸው ነበር። እህቴ፣ በዚህ የተያዝሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

መልስ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ስለ ቃሉ ልናገር።

የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች ለልምምድ ያህል ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። አርእስቱ ላይ ገና ቆምኩ። እንግሊዝኛው ወንድም ሴትም፣ አንድም ብዙም አይለይም። ማንም ያንብበው፣ ጆ ለአንባቢው የሚያወራ ይመስላል። በአማርኛ «አንቺ» ካልኩ ወንዱ አንባቢ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ሴቷ አንባቢ ግን ማምለጫ የላትም።

ቀጥሎ የመጣው ነው ያስደነገጠኝ። «ገባሽ፣ ቆምሽ፣ ሳቅሽ» እያልኩ ስጽፍ በየግሱ ጫፍ ላይ «ሽ» አለች። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አትለቃትም። ደግሞ የእሱ ግሶች መጡ፦ አየሁሽ፣ ተከተልኩሽ፣ አወቅኩሽ። እሱም እሷም አንድ ቃል ውስጥ ገቡ። በእንግሊዝኛ በመካከላቸው ቢያንስ ባዶ ቦታ አለ። በእኛ ቋንቋ የለም። እዚያ ላይ ሳለሁ ብዕሬን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ።

ሌላም አለ። ሱቁ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያናግራት «ምን ልርዳዎት» ብል ያስኬዳል፣ ደንበኛ ናት። በልቡ ግን ከበሩ ስትገባ ጀምሮ «አንቺ» ብሏታል። ማን ፈቀደለት? ነገሩ ሁሉ ከዚያች ድፍረት ነው የሚጀምረው።

አንቺ የጠየቅሽውም መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ድራማው ላይም ጆ «አንቺ» እያለ ይተርካል። ግን ካሜራው ቤክን ሆና የምትሠራውን ኤልዛቤት ሌይልን ያሳየናል። «አንቺ» የምትባለው ሌላ ሰው ትሆናለች፣ እኛ ከእሱ ጎን ቆመን እናያታለን። መጽሐፉ ላይ መልክ የለም። ስለዚህ «አንቺ» የተባልሽው ራስሽ ነሽ።

መልስ

እኔ ትንሽ ልከራከር። ድራማው ቤክን ጠቅሟታል። እሱ በሌለበት ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ፣ መጻፍ ሲያቅታት፣ ሰው ሆና እናያታለን። መጽሐፉ ላይ እሱ ካላየልን፣ ወይም ኢሜይሏን ካላነበበልን የለችም። እኔን መጽሐፉ ያሳዘነኝ በዚህ ነው። ሙሉ ልቦለድ አንብቤ ልጅቷን አላገኘኋትም።

አምስተኛውን ሲዝን ካላየሽ እይው፣ እ.ኤ.አ. 2025 ላይ ነው ያለቀው። ጆ እስር ቤት ሆኖ የአድናቂ ደብዳቤ ያነባል። ከዚያ ችግሩ ምናልባት እሱ እንዳልሆነ፣ እኛ የምናየው እንደሆንን ይናገራል። ቃሉ ያው የአርእስቱ ቃል ነው። ተርጓሚው ወንድማችን ይህን ምን ይለዋል?

መልስ

«እናንተ»። ሌላ ምርጫ የለኝም። አምስት ሲዝን ሙሉ «አንቺ» ሲል ቆይቶ እዚያ ጋ ወደ እኛ ይዞራል። እንግሊዝኛው ቃሉን ሳይቀይር ነው የሚዞረው። እኔ መቀየሬን መደበቅ አልችልም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ፓኮ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«አወቅኩሽ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። ያ ስልኬን ያነብ የነበረው ሰው የሚወዳት ቃል ነበረች። «እኔ እኮ አውቅሻለሁ» ይለኝ ነበር፣ ስንጣላም ስንታረቅም። ያኔ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉን ያስዘጋኝ ይሄ መሆን አለበት። ጆ ቤክን አውቃታለሁ ሲል የሰማሁት የዚያን ሰው ድምፅ ነበር።

ከቆምኩበት ገጽ ልቀጥል ነው። ቤክ እንደማትተርፍ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አብሬያት መሆን እፈልጋለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ ከእሷ ጎን።

ወንድሜ፣ የተረጎምካቸው ገጾች ካሉህ ላክልኝ። በቀን አነባቸዋለሁ።