ሁለት ሰው ሲያወራ ቀርጬ ካቱ አልገጥም አለኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፊልም ተማሪ ነኝ፣ ገና አንደኛ ዓመት። ለክፍል ሥራ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ሴት ጓደኞቼ ማኪያቶ ይዘው ሲጨቃጨቁ በስልክ ቀረጽኩ። ኤዲት ላደርግ ስቀመጥ ግን ጉድ ፈላ። ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት፣ ካቱ ላይ (ከአንዷ ምስል ወደ ሌላዋ ስቆርጥ) ግን ሁለቱም ወደ ግራ ያያሉ። አንዷ ጋ የማኪያቶ ማሽኑ ይጮሃል፣ ሌላዋ ጋ ጸጥ ይላል። መብራቱም ይርገበገባል። ይድናል ወይስ እንደገና ልቅረጽ? ማክሰኞ ነው የማስረክበው።

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ መስመሩን ተሻግረሽ ነው። ከአንዷ አፍንጫ እስከ ሌላዋ አፍንጫ ክር ተወጥሯል በይ። ካሜራሽ ሁልጊዜ ከክሩ በአንዱ ወገን ይቁም፣ 180 ዲግሪ የሚሉት እሱ ነው። አንዷን በመስኮቱ በኩል ሌላዋን በባንኮኒው በኩል ከወሰድሽ ተበላሸ። እኔ ሲያስተምሩኝ አልገባኝም ነበር፣ የገባኝ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ስሠራ ነው።

ለአሁኑ የአንዷን ሾት ግራና ቀኙን ገልብጪውና እዪው። እንደገና ከቀረጽሽ ግን መጀመሪያ ሙሉውን በዋይድ (ሁለቱም ከነቦታው ሲታዩ)፣ ከዛ ሚዲየም (ከወገብ በላይ)፣ ክሎዝ አፑን (ፊት ብቻ) ጭቅጭቁ ሲከር አምጪው፣ ቀድመሽ ካባከንሽው ለመጨረሻው ምንም አይቀርሽም። ብርጭቆ ስታነሳ በዋይድም በክሎዝ አፕም አስደግሚያት፣ እጇ ገና እየተነሳ ሳለ ቁረጪው። ዓይን እጁን ስለሚከተል ካቱን አያየውም። ዋይዱ ላይ ሙሉ የነበረው ማኪያቶ ክሎዝ አፑ ላይ ግማሽ እንዳይሆን ብቻ!

መልስ 2፦
መብራቱን እኔ ልንገርሽ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ስልኮች ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ ስለሚሆኑ አይጣጣሙም። 25 ፍሬም፣ ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጊው።

ድምፁን በተመለከተ፣ ማንም ሳያወራ የካፌውን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ቅጂና ከሥር አንጥፊው፣ ዝላዩ ይሸፈናል። የቀጣይዋ ተናጋሪ ድምፅም ፊቷ ከመታየቱ ትንሽ ቀድሞ ይግባ። ይሄ ጄ ካት ነው፣ ጭቅጭቅ ላይ በጣም ነው የሚያምረው፣ አንዷ የሌላዋን አፍ የነጠቀች ይመስላል። ማሽኑን ደግሞ ለአምስት ደቂቃ እንዲያቆሙልሽ ለምኛቸው፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ካፌው ቀዝቀዝ ሲል እሺ ይሉሻል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መገልበጡን ሞከርኩት፣ ዓይናቸው ተገጣጠመ፣ ግን ከኋላዋ የዋጋ ዝርዝሩ አለ፣ "ሻይ" የሚለው ተገልብጦ ቁጭ አለ። እሁድ እንደገና እንቀርጻለን። ፕላስተሩን ገዝቻለሁ።