የኤችዲ ዲቪዲ ዲስኮችን ብሉሬይ ዴኬ አላነብ አለኝ፤ በምን ላጫውታቸው?

ፍልውሃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ 40 ያህል የፊልም ዲስኮች መጥተውልኛል። ማቀፊያቸው ቀይ ነው፤ ላዩ ላይ «ኤችዲ ዲቪዲ» (የብሉሬይ ተፎካካሪ የነበረው የዲስክ ዓይነት) ይላል። አብሯቸው የቶሺባ ኤችዲ-ኤ2 ማጫወቻና ለኤክስቦክስ 360 የጨዋታ ማሽን የሚሰካ የኤችዲ ዲቪዲ ድራይቭ አለ። እዚህ አዲስ አበባ ያለው ብሉሬይ ዴኬ ግን ትንሽ ካሽከረከራቸው በኋላ «የማይታወቅ ዲስክ» ብሎ ይተፋቸዋል። የብሉሬዩን ሶፍትዌር ባድሰው ያነብ ይሆን? ቶሺባውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ልሰካው? ፊልሞቹን ወደ ሀርድ ዲስክ መገልበጥስ ይቻላል?

አሮጌ_ዴክ፦
አድሰውና ሞክር። ሁለቱም ሰማያዊ ሌዘር ናቸው፤ የብሉሬዩ ሶኒና የኤችዲ ዲቪዲው ቶሺባ ሲፎካከሩ ሆን ብለው ነው የተዘጋጉት።

ሰማያዊ405፦
አይሠራም፣ ጊዜህን አታባክን። ሌዘሩ እርግጥ አንድ ነው፤ የሁለቱም 405 ናኖሜትር ነው። ችግሩ ሌንሱ ላይ ነው። የብሉሬይ መረጃ ከዲስኩ ገጽ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ተቀምጧል፤ የኤችዲ ዲቪዲ ግን እንደ ተራው ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ለ0.1 የተሠራ ሌንስ 0.6 ላይ ያለውን አጥርቶ ማየት አይችልም። ሶፍትዌር ይህን አያቃናም።

ቶሺባ ያንን ጥልቀት የመረጠው የዲቪዲ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ብዙ ሳይቀይሩ እንዲያትሙለት ነው። በምትኩ አቅም ጎደለው፦ በአንድ ንብርብር 15 ጊጋባይት ይይዛል፣ ብሉሬይ 25። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 የፊልም ኩባንያው ዋርነር ወደ ብሉሬይ ብቻ እዞራለሁ ሲል ነገሩ አበቃ፤ ቶሺባም ፌብሩዋሪ 19 ማምረት ማቆሙን አስታወቀ።

ሁለቱንም የሚያነቡ ነበሩ፦ የኤልጂ ቢኤች100ና ቢኤች200፣ የሳምሰንግ ቢዲ-ዩፒ5000፣ ለኮምፒውተር ደግሞ የኤልጂ ጂጂሲ-ኤች20ኤል። ቢኤች100 ፊልሙን ያጫውታል እንጂ የኤችዲ ዲቪዲውን ሜኑ አያወጣም። ዛሬ የምታገኘው ሁሉ ያገለገለ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን በእጅህ ባሉት ሁለቱ እጀምር ነበር።

ብየዳ_ቤት፦
ቶሺባውን በቀጥታ እንዳትሰካ! ለአሜሪካ ገበያ የወጣው የ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220። ከሱቅ የምትገዛው የሶኬት መቀየሪያ ጥርሱን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በዚሁ ነው። ማጫወቻው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብብና የዚያን እጥፍ የሚችል፣ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። የኤክስቦክሱ ድራይቭም የራሱ አዳፕተር አለው፤ «ኢንፑት 100-240» የሚል ካለበት በቀጥታ ይሰካል፣ ከሌለ እሱም በትራንስፎርመር።

ኤ2 በኤችዲኤምአይ የሚያወጣው እስከ 1080አይ (የምስሉን መስመሮች ግማሽ በግማሽ የሚልክ) ነው። 1080ፒ (ሙሉውን በአንዴ የሚልከውን) አጣሁ ብለህ ሌላ አትግዛ፤ ቀሪውን ቴሌቪዥኑ ይሠራዋል። ኤችዲ ዲቪዲ የክልል ኮድ (ዲስኩ በሌላ የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንዳይሠራ የሚያግድ ምልክት) የለውም። ተራ ዲቪዲ ስታስገባበት ግን የሚቀበለው ክልል 1ን፣ ማለትም የአሜሪካውን ነው።

ዩኤስቢ_ገመድ፦
ለመገልበጥ ቶሺባውን ተወው፤ የሚያስፈልግህ የኤክስቦክሱ ድራይቭ ነው። ኤክስቦክሱ ራሱ አያስፈልግም።

መጀመሪያ አዳፕተሩን ሰካ፣ ከዚያ ከኋላው ባለው ሚኒ ዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ዲስኮቹ የተጻፉት በዩዲኤፍ 2.5 የፋይል አደረጃጀት ስለሆነ ከቪስታ ወዲህ ያለ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ነገር ይከፍታቸዋል፤ ከቪስታ የቀደመው ኤክስፒ ግን ባዶ ያሳይሃል። «ኤችቪዲቪዲ_ቲኤስ» የሚል ፎልደር ካየህ ድራይቩ እያነበበ ነው። ውስጡ ያሉትን የኢቪኦ ፋይሎች ጎትተህ ብትገለብጥ አይጫወቱም፣ ተቆልፈዋል። ሜክኤምኬቪ በሚባለው ፕሮግራም ክፈተው፣ ከዝርዝሩ ትልቁን ርዕስ ምረጥ፣ የማትፈልገውን የድምፅ ቋንቋ ምልክት አንሳና አስቀምጥ። (ቁልፉን መፍታት በአሜሪካ ሕግ የራስ ዲስክ ቢሆንም የተከለከለ ነው፤ እወቀው።)

ባለ ሁለት ንብርብሩ እስከ 30 ጊጋባይት ስለሚይዝ ለ40ው 2 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ ያዝ። ፎርማቱ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለ ፋይል አይቀበልም፤ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት አድርገው። ፊልሙ ቪሲ-1 በሚባለው የቪዲዮ አጨማመቅ የተቀረጸ ከሆነ ፍላሽ ላይ ብታደርገው አንዳንድ ቴሌቪዥን ድምፁን ብቻ ያሰማል፤ ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ይከፈታል።

ፍልውሃ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድራይቩ ታየ፤ ነገር ግን ዊንዶውስ አንድ ሌላ ዕቃ በቢጫ ምልክት ድራይቨር የለውም ይለኛል። ከዲስኮቹ ደግሞ ሁለቱ አጋማሽ ላይ ሁሌ እዚያው ቦታ ይቆማሉ። ጭረት የለባቸውም።

ዩኤስቢ_ገመድ፦
ቢጫውን እርሳው። ድራይቩ ውስጥ ለኤክስቦክስ የተቀመጠ 256 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ አለ፤ ዊንዶውስ የማያውቀው እሱን ነው።

ሰማያዊ405፦
የሚቆሙትን ማን እንዳሳተማቸው እይ። ዋርነር ከሆኑ የታወቀ ጉድ ነው፦ ዲስኩ ሁለት ቅጠል ተጣብቆ ነው የሚሠራው፤ በጊዜ ብዛት በቅጠሎቹ መሃል ያለው ንብርብር ይበላሻል። በገጹ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፣ ማሽን ላይ ማስፈተግም አይጠቅምም። በአንድ ወገን ተራ ዲቪዲ በሌላው ኤችዲ የሆኑት «ኮምቦ» ዲስኮችም በዚህ ይታማሉ፤ በነሱ መጀመሪያ በትክክለኛው ፊት ማስገባትህን አረጋግጥ።

ለማንኛውም በመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ጥረግ፣ አታዙር። ከዚያ ያንኑ ዲስክ ቶሺባው ላይ ሞክር። ቶሺባው ካለፈው ዲስኩ ገና አልሞተም፤ ድራይቩን ቀዝቀዝ አድርገህ እንደገና አስነብበው። ቶሺባውም ድራይቩም እዚያው ቦታ ካቆሙ ግን ተወው። የቀሩትን ስትገለብጥ በዋርነሮቹ ጀምር፤ የፓራማውንትና የዩኒቨርሳል ነጠላ ዲስኮች ይቆዩልሃል።