ለመኪናም ለባዛርም የሚሆን የተጠቀለለ ምንጣፍ መደርደሪያ ማን ሠርቶ ያውቃል?

ምንጣፍ ሠሪ፣ ደብረ ማርቆስ

እንዴት ሰነበታችሁ። ማርቆስ ላይ ከሦስት ሴቶች ጋር ሆነን የበግ ፀጉር ምንጣፍ እንሠራለን። ትልቁ 2 በ3 ሜትር ነው። ባለፈው ለአዲስ ዓመት ባዛር 14 ጥቅል በአይሱዙ ጭነን አዲስ አበባ ወሰድን። ቦታ ይቆጥባል ብለን አቁመን ጫንናቸው። አባይ በረሃን ወርደን ወጥተን እስክንደርስ ጥቅሎቹ ወገባቸው ታጥፎ፣ ከታች ያረፈው ጫፋቸው ተጨፍልቆ፣ ሁለቱ ደግሞ ከሸራው በገባ ዝናብ ርሰው ጠበቁን። ስንዘረጋቸው ጠርዛቸው እየተነሳ አልተኛ አለ። ገዢው "ይሄ ጠማማ ነው" እያለ ዋጋ ሰበረብን። ሦስት ሳምንት የተለፋበት ሥራ ነው፣ በጣም ያሳዝናል።

ባዛሩ ላይም መሬት ላይ ከምረን ነበር። ከሥር ያለውን ለማሳየት አምስቱን ማንሳት ነው።

አሁን የምፈልገው ምንጣፎቹ ተጭነውበት የሚሄዱበት፣ ሲደርስ ደግሞ እሱው ማሳያ የሚሆን መደርደሪያ ነው። እንጨት ይሻላል ብረት? እዚህ ባህር ዛፍ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይለኛል።

በያጅ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም

እህቴ፣ ከእንጨትና ከብረቱ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ምንጣፉ ራሱ ምንም ክብደት መሸከም የለበትም። አቁማችሁ ስትጭኑት ምሰሶ አደረጋችሁት፣ ስትከምሩት ደግሞ የሥረኛው የላዩን ሁሉ ተሸከመ። መሀሉ ቱቦ ይኑረው። የቱቦው ጫፍ በሁለቱም በኩል 15 ሳንቲ ይውጣና እሱ መደርደሪያው ላይ ይረፍ። ምንጣፉ አየር ላይ ይቀራል።

ለቱቦው የ110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ጥሩ ነው፣ ሰፊ ስለሆነ ምንጣፉ ጠበቅ ብሎ አይታጠፍም። ግን ፒቪሲ ብቻውን ሸክም ላይ ሲቆይ ይጎብጣል። ውስጡ የ1.5 ኢንች ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ) የብረት ቧንቧ አስገቢ፣ መደርደሪያው ላይ የሚያርፈው እሱ ይሁን። ጥቁር (ዚንክ ያልተለበጠ) ቧንቧ አልመክርም። ከዛገ ምንጣፉ ላይ የማይለቅ ቀለም ይተዋል። የቧንቧውን ርዝመትም ዝም ብለሽ አታስረዝሚ፤ ያው ክብደት መሀሉ ላይ ቢቀመጥ፣ በሁለቱ ማረፊያዎች መሀል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መጉበጡ 8 እጥፍ ነው።

ምንጣፍሽ 1.2 ሳንቲ ውፍረት ካለው፣ 3 ሜትሩ በዚህ ቱቦ ላይ ሲጠቀለል ዲያሜትሩ 24 ሳንቲ አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ከአንዱ ጥቅል ማረፊያ እስከ ቀጣዩ ጥቅል ማረፊያ 30 ሳንቲ ተዪ። ከ40 በ40 ሚሊሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ሁለት የጎን ፍሬም፣ እግሩ እንደ ድንኳን ከታች ሰፍቶ ከላይ የጠበበ አድርጎ መሥራት ነው። በእያንዳንዱ ፍሬም ሁለት እግሮች ላይ አምስት አምስት የዩ (U) ቅርጽ ማረፊያ ይበየድበታል። 10 ጥቅል ይይዛል። ሁለቱን ፍሬም የሚያገናኙት አግዳሚዎች በቡሎንና በዳዶ ይሁኑ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ እንዳትረሺ፣ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። ባህር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ማረፊያዎቹ ትይዩ መሆናቸው ይቀራል።

ሾፌር፣ ደጀን

ያንን ቁልቁለት ለዓመታት ወርጄዋለሁ። በያጁ የተናገረው ልክ ነው፣ ግን ዩው ከላይ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር። ጎድጓዳ መንገድ ላይ ቧንቧው ዘሎ ይወጣል። በየማረፊያው ላይ መቀርቀሪያ ይደረግበት።

ጥቅሎቹ በመኪናው ርዝመት ይተኙ፣ በወርዱ አይሆንም፣ ጋቢናው ጀርባም ላይ ተጠግተው ይሁኑ። ፍሬን ሲያዝ ጭነት ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ማሰሪያውን የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ ወደ ፊት እንዲይዝ፣ ወደ ጎን ደግሞ 50 በመቶ እንዲይዝ አድርጎ ማሰብ ነው። 10 ጥቅል ከነቧንቧው 300 ኪሎ ያልፋል፣ ቀላል እንዳይመስልሽ። የሚታሰረው ፍሬሙ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ገመድ እንዳያርፍ። ከመሠራቱ በፊት ደግሞ የምትጭኑበትን መኪና ወርድ ለኩ፣ አይሱዙ ሁሉ አንድ አይደለም።

ምንጣፍ ሻጭ፣ ባህር ዳር

እኔ ስለ ማሳያው ልናገር። ገዢ ጥቅል አይገዛም፣ ዳር አይቶ፣ ዳስሶ፣ ገልብጦ ቋጠሮውን አይቶ ነው። ስለዚህ ከየጥቅሉ 60 ሳንቲ ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ቱቦው ማረፊያው ላይ ስለሚሽከረከር አንድ ሰው ስቦ ያወርደዋል፣ መልሶ ይጠቀልለዋል። በዓይን ትክክል የሚውለው ደማቁ ይሁን። ከባዱን ከታች አድርጉ፣ አለበለዚያ ልጅ ሲጎትተው መደርደሪያው ይወድቃል።

ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ጠቅልሉት። በእጅ ሲዳበስ የሚለሰልሰው ጎን ማለቴ ነው። ለመንገድ መጀመሪያ በአቡጀዲ፣ ከላዩ በፕላስቲክ ይሸፈን። ሲደርስ ግን ፕላስቲኩ ያኑ ቀን ይነሳ። የበግ ፀጉር እርጥበት ይስባል፣ እኛ ጋ ሐይቅ ዳር በክረምት ታፍኖ የቆየ ምንጣፍ ሻጋታ ሲያወጣ አይቻለሁ። ብልም ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ይወዳል። በየጊዜው ዘርግታችሁ አራግፉት። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ፊት ግን አታቁሙት፣ ቀለሙ ይሄዳል።

በአንድ ነገር ከበያጁ እለያለሁ። ከመኪና የወረደ ብረት አቧራና ግራሶ ይዞ ነው የሚመጣው። ነጭ ምንጣፍ አጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈራል።

በያጅ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም

እውነት ነው። መፍትሔው ፍሬሙን ቀለም መቀባትና ማረፊያዎቹን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ነው፣ ጨርቁ ወልቆ ይታጠባል። አንዱን ለመኪና ሌላውን ለማሳያ ብሎ ሁለት መደርደሪያ ማሠራት ለጀማሪ ወጪው ይከብዳል።

ምንጣፍ ሠሪ፣ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ብረቱን ወስኛለሁ፣ ጨርቁን እኛው እንሰፋለን። ነገ የምንከራየውን አይሱዙ ለክቼ የፍሬሙን ርዝመት እዚህ እጽፋለሁ። ጋሼ ሾፌሩ፣ መቀርቀሪያው በማጠፊያ የሚከፈት ይሻላል ወይስ ተሰክቶ የሚወጣ? የሚወጣው በመንገድ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

ሾፌር፣ ደጀን

በማጠፊያ ይሁን። የሚወጣው ከሆነ በሰንሰለት ፍሬሙ ላይ ይታሰር።